እንግዳ ይመጣል ተብሎ የተቀባችው ትምህርት ቤት

ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ ሱቅ ጀርባ የምትገኘው አሮጌ የእንጨት ትምህርት ቤት በሯና መስኮቶቿ ተነቅለው፣ የፊት ግድግዳዋ እኩሌታ ነጭ ተቀብቶ ነበር። ትፍረስ ወይስ ትቆይ የሚለውን የምትፈትሸው የከተማው ባለሙያ አምስት ሰዓት ላይ ትደርሳለች።

ቀለሙን የቀቡት ቤቲቱን ለማፍረስ የሚፈልጉት ሰዎች አልነበሩም። ለማዳን ወራት የለፉት ነበሩ።

ቤቲቱን ለማያውቃት ባጭሩ ልንገር። አንድ ክፍል ብቻ ናት። ሠፈሩ የባቄላ እርሻ በነበረበት ዘመን ገበሬዎች ልጆቻቸውን ሊያስተምሩባት በገዛ እጃቸው ሠሯት። ከተማው ሲያድግ ትምህርቱ ቀረ፣ ከፊቷ ሱቅ ቆመ፣ እሷም ዕቃ ማከማቻ ሆነች። ሠፈሩ ሊትል ኢትዮጵያ የሚለው ስም ገና ሳይወጣለት፣ ሱቁን የተከራየው የመጀመሪያው የአገራችን ሰው ጓሮውን ከፍቶ ሲገባ ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ አገኘ። ወዲያው ጋሼ ለማን ጠራቸው። ጋሼ ለማ አገር ቤት መምህር ነበሩ፤ እዚህ ፓርኪንግ ይሠሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች ሁሉ የታክሲ ነጂዎችንና የአስታማሚዎችን ልጆች ሰብስበው በዚያ ሰሌዳ ላይ ፊደል አስቆጠሩ። ልጆቹ አድገው የራሳቸውን ልጆች ይዘው መጡ።

ከዚያ የመሬቱ ባለቤት ሞቱ፣ ወራሾቹ ሸጡ፣ የገዛው ድርጅት አፓርትማ ሊሠራበት የማፍረሻ ፈቃድ ጠየቀ። ማኅበረሰባችን ፊርማ አሰባሰበ፣ ስብሰባ ላይ ቆሞ ተናገረ፣ ለመነ። ከተማው በመጨረሻ አንዲት የቅርስ ባለሙያ ሄዳ ትያት አለ። ባለሙያዋ «የድሮ አካሏ የለም» ብላ ከጻፈች ፈቃዱ ይሰጣል። ነገሩ ይኸው ነበር።

እኔ ያን ጊዜ እዚሁ ለሚታተም የአማርኛ ጋዜጣ እዘግብ ነበር። አዲስ አበባ ሥራ ስጀምር የመጀመሪያው አዘጋጄ «ዘጋቢ ወንበር እንኳ አያነሳም፤ ወንበሩን ማን እንዳነሳው ይጽፋል» ይለኝ ነበር። ቃሉን ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቄዋለሁ። ሰዎች ሲጣሉ አልገላገልኩም፤ ሲያለቅሱ መሐረብ አላቀበልኩም። በዚህ ምክንያት ደረቅ የሚሉኝ ነበሩ። አልተቀየምኳቸውም።

ስለዚህ ያን ጠዋት ጓሮው በር ላይ ቆሜ መጀመሪያ ያደረግኩት ማየት ነው። ሰው ሞልቷል። አንዱ መሰላል ላይ ሆኖ ይቀባል፣ አንዱ ሣር ያጭዳል። በአቅራቢያው ሱቅ ያላቸው እትዬ ዘነበች ጎማ ይዘው ወለሉን በውኃ ያጥባሉ። አዳዲስ ነጭ የፕላስቲክ መስኮቶች ከነማሸጊያቸው ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል።

«ምሕረት! ነይ ፎቶ አንሺ!» አለኝ ተስፋዬ።

ተስፋዬ የቤት እድሳት ኮንትራክተር ነው። ልጅ ሆኖ እዚያች ቤት ውስጥ የተማረ፣ አሁን ሴት ልጁን የሚያመጣ ሰው ነው። መስኮቶቹን ከራሱ መጋዘን ነው ያመጣቸው። ሸሚዙ ላይ ቀለም ተንጠባጥቧል፤ ፊቱ ግን የሠርግ ቤት ፊት ነው።

«አሮጌዎቹ የት ሄዱ?» አልኩት።

«የቶቹ?»

«በሩ። መስኮቶቹ። ከዚህ ጥግ የተነቀሉት ሳንቃዎች።»

«አ፣ እነሱማ ብስብስ ብለው ነበር። ባለትራኩ ቢንያም ጭኗቸው ሄደ። ዳምፕ ያደርጋቸዋል።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በዚያው ሳምንት ባለሙያዋን በስልክ አነጋግሬያት ነበር። ምን እንደምታይ ስጠይቃት «ማማሩን አላይም። የመጀመሪያው እንጨት በመጀመሪያው ቦታው ላይ ምን ያህል እንደቀረ ነው የማየው» አለችኝ። ሐሙስ በወጣው ጋዜጣ ላይ ቃል በቃል ጽፌዋለሁ።

«ጋዜጣውን አላነበብክም?» አልኩት።

«አንብቤዋለሁ እንጂ! እንደሱ ብትልም፣ ሰው እንዲህ ሆነን ያየናል እንዴ? ያሳፍራል እኮ።»

«እንግዳ እየመጣ ቤት አይጸዳም?» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ጎማውን እንደያዙ። «ከከተማው ድረስ የመጣች ሴት በሸረሪት ድር ውስጥ ልናስገባት ነው? አንቺስ ብትሆኚ እናትሽ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችሽ?»

ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም ይሥቃል። አንዳቸውም ክፉ አላሰቡም። እናቶቻችን እንዳሳደጉን ነው ያደረጉት፤ የተቀደደውን ሶፋ ጋቢ አልብሰው፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ በሥዕል ሸፍነው እንግዳ እንደሚቀበሉት። ባለሙያዋ ግን የምትመጣው ስንጥቁን ልታይ ነበር።

ጋሼ ለማን ፈለግኋቸው። ከግቢው ጥግ፣ የሎሚው ዛፍ ሥር፣ በትራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አይሥቁም።

«አየሽው?» አሉኝ።

«ነግረዋቸው አልነበረም?»

«ስደርስ ነቅለውት አገኘሁ። በሩ ላይ እጄን ሳሳርፍ ኖሬ፣ ዛሬ ብዘረጋ አየር ሆነብኝ። ምን ልበላቸው? እየዘፈኑ ነው የሚሠሩት።»

ሰዓቴን አየሁ። ያኔ ነው ወንበሩን ያነሳሁት።

«ተስፋዬ፣ ቀለሙን አስቁም። አሮጌው እንጨት ከሌለ ይህቺ ቤት ሰኞ ትፈርሳለች። ቢንያም ጋር ደውል።»

ፊቱ ላይ የነበረው ሠርግ ወዲያው ጠፋ። መሰላሉ ላይ ያለው ሰውዬ ቡርሹን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከቡርሹ ነጭ ቀለም እትዬ ዘነበች ትከሻ ላይ ጠብ ሲል እንኳ ማንም አልሣቀም። ተስፋዬ ደወለ። አይነሳም። ደግሞ ደወለ። አይነሳም።

«ድራይቭ ሲያደርግ ስልክ አያነሳም። ፖሊስ ቲኬት ከሰጠው ወዲህ ምሎ ተገዝቷል» አለ።

«የቆሻሻ መጣያው የት ነው?»

«ወደ ሎንግ ቢች ነው የሚሄደው። ግን መጀመሪያ ሃውቶርን ያለው አፓርትማው ጋ ይቆማል፣ የራሱን አሮጌ ፍራሽ ሊጭን። መሰለኝ።»

በ«መሰለኝ» ተነሥተን ሄድን። የኔን መኪና እኔው ነዳሁ። ተስፋዬ ጎኔ ተቀምጦ ሳያቋርጥ ይደውላል። ላ ሲየነጋ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት በቀይ መብራት ላይ ሆነብን። ጥቂት ሄደን ደግሞ መንገድ ይጠገናል፤ ሁለቱ መስመር አንድ ሆኗል። ተስፋዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ፊት ያያል፣ መልሶ ይዘጋል።

«እኔ እኮ ለጋሼ ብዬ ነው» አለ ድንገት። «አንድ ቀን እንኳ ቤቱ አምሮ ያየዋል ብዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ሰው ምን ይለኛል አሁን?»

የማላውቀውን አልናገርም።

ሃውቶርን ስንደርስ ትራኩ አፓርትማው ፊት ቆሟል። ባዶ ነው። ቢንያም የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ ፍራሽ ይጎትታል። ከጎኑ፣ አጥሩ ሥር፣ ሳንቃዎቹና የመስኮት ክፈፎቹ ተደርድረው ካርቶን ተለጥፎባቸዋል። ካርቶኑ ላይ «በነፃ ውሰዱ» የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፏል።

«ምነው እንዲህ ተጣደፋችሁ?» አለ ቢንያም። «ፍራሹ ከነሱ ጋር አይገባ አለኝ። ደግሞ አሳዘኑኝ፤ ሰው ቢጠቀምባቸው ይሻላል ብዬ ነው።»

«በሩስ?» አለ ተስፋዬ።

ቢንያም በአገጩ አመለከተ። ከመንገዱ ማዶ፣ ሩቅ፣ አንድ ረጅም ሰው በሩን ጀርባው ላይ አዝሎ ወደ ማዕዘኑ ይሄዳል። በር እግር አውጥቶ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ተስፋዬ ሮጠ። ሁለቱ ማዕዘኑ ላይ ሲከራከሩ ከሩቅ አየሁ፤ ሰውዬው ራሱን ይነቀንቃል፣ ተስፋዬ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ከዚያ ተስፋዬ አጎነበሰ። እንደኛ፣ ከወገቡ። ሰውዬው ደነገጠ መሰለኝ፤ በሩን ከጀርባው አወረደ።

«ምን አልከው?» አልኩት ሲመለስ።

«የአስተማሪዬ በር ነው አልኩት። ጠረጴዛ ሊሠራበት ነበር።»

ሁሉንም ጭነን ስንመለስ አምስት ሰዓት ሊሆን ብዙ አልቀረውም። ግቢው ውስጥ ዘፈን የለም። ሰዎቹ እንደ ጉንዳን ተረባረቡ፤ አንዱ ያቀብላል፣ አንዱ ይይዛል፣ ተስፋዬ በመዶሻ ይመታል። በሩ ገባ። መስኮቶቹ ገቡ። አዲሶቹ መስኮቶች በእትዬ ዘነበች ሱቅ ጀርባ ተደበቁ። የጥጉ ሳንቃዎች አንድ በአንድ ተመለሱ፤ የትኛው የት እንደነበር ግን በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም።

ተስፋዬ መዶሻውን አስቀምጦ ሁሉንም አየ። «ኦኬ። ስሙኝ። ምንም አልተነቀለም። የተቀባው የፊቱ ብቻ ነው፣ እሱም ዱሮ ነው። አለቀ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ምሕረት፣ አንቺም አላየሽም። እሺ? ከኛው ነሽ እኮ።»

ሰው ሁሉ አየኝ። ጋሼ ለማ በትራቸውን እየተደገፉ መጥተው እጄን ያዙ። መዳፋቸው ቀዝቃዛ ነበር።

«ልጄ፣ ካልጠየቀችሽ አትናገሪ። ይህን ብቻ ነው የምለምንሽ። እኔ የምኖርባት አንዲት ክፍል አልጋ ብቻ ነው ያለባት። ቀኔን የምጠብቀው በዚህች ቤት ነው።»

«ካልጠየቀችኝ አልናገርም» አልኳቸው። «ከጠየቀችኝ ግን ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ምን እንደምል ያውቃሉ።»

እጄን ለቀቁ።

ባለሙያዋ በሰዓቷ መጣች። አጠር ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ የእጅ ባትሪ የያዘች ሴት ናት። ሰላምታ ሰጥታ፣ የቀረበላትን ጭማቂ በትኅትና አስቀምጣ ሥራ ጀመረች። ቤቲቱን በዝግታ ዞረቻት። የፊቱን ግድግዳ በጣቷ ነካች፤ ጣቷ ነጭ ሆነ። ጥጉ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ባትሪዋን አበራች፣ ለረጅም ጊዜ አየች። ከፌርፋክስ የመኪና ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ከዚያ ዞር ብላ ተመለከተችንና ዓይኗ አንገቴ ላይ ያለው ካሜራ ላይ አረፈ።

«በስልክ ያነጋገርሽኝ ጋዜጠኛ አንቺ ነሽ?» አለች በእንግሊዝኛ።

«ነኝ።»

«ዛሬ እዚህ የደረስሽው መቼ ነው? ስትደርሺ ይህ ጥግ እንዲህ ነበር?»

ተስፋዬ ጫማውን ያያል። እትዬ ዘነበች ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ። ቤቲቱ በኔ አፍ ላይ ቆማለች። በሕይወቴ ብዙ ጥያቄ ጠይቄያለሁ። አንድም ጊዜ እንዲህ አልተጠየቅኩም።

«ከሁለት ሰዓት ጥቂት አልፎ ደረስኩ» አልኳት። «ጥጉ ተነቅሎ ነበር። በሩና መስኮቶቹም። ሊያስውቧት ብለው ነው የነቀሏቸው። ሃውቶርን ድረስ ሄደን መለስናቸው። አሁን የምታያቸው የድሮዎቹ ናቸው፤ ቦታቸው መሆኑን ግን ማረጋገጥ አልችልም።»

ከኋላዬ አንድ ሰው «ሸጠችን» አለ በአማርኛ። የተስፋዬ ድምፅ ነበር።

ባለሙያዋ ባትሪዋን አጠፋች። «ምስማሮቹን አይቻቸዋለሁ» አለች። «አዲስ ናቸው፤ ያበራሉ። የምጠብቀው ማን እንደሚነግረኝ ነበር።» ፋይሏን ገለጥ አደረገች። «ተነቅሎ የተመለሰ እንጨት አያስደነግጠኝም። የት እንደነበረ የማይታወቅ እንጨት ነው ችግሩ። በቦታው ሳለ የሚያሳይ ነገር አላችሁ?»

ነበረኝ። በዚያ ሳምንት ለዘገባው ብዬ ቤቲቱን ከውጭም ከውስጥም፣ ግድግዳ በግድግዳ አንስቻታለሁ። ፎቶዎቹ የጋዜጣው ንብረት ናቸው፤ ያልታተመን ፎቶ ለመንግሥት ሰው አሳልፎ መስጠት በሙያችን ትልቅ ነገር ነው፣ ማስፈቀድም ነበረብኝ። ካሜራውን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት።

እያንዳንዱን ፎቶ ከሳንቃው ጋር እያስተያየች ሄደች። ሁለቱ ተዘዋውረው ተመተዋል፤ የቀሩት ትክክል ናቸው። ቀለሙን «ይለቃል» ብላ አለፈችው። ወደ ውስጥ ገባን። በመስኮቱ አጠገብ ያለውን ግድግዳ አየች፣ ካሜራውን አየች፣ እንደገና ግድግዳውን አየች።

«ይህ ምን ሆነ?»

ፎቶው ላይ ሳንቃው በሰንጢ በተቀረጹ ስሞች የተሞላ ነው። ግድግዳው ላይ ግን ምንም የለም፤ ልስልስ ብሏል።

ይህን እኔም አላየሁትም ነበር። ተስፋዬ ከበሩ ወደ ፊት ራመድ አለ።

«እኔ ነኝ» አለ። ያለው በአማርኛ ነው፤ ያየውም ጋሼ ለማን ነው። «ጠዋት በስቱኮ ደፈንኩት። ጋሼ፣ ያን ጊዜ ስሜን ስቀርጽ ይዘኸኝ... በልጆቹ ሁሉ ፊት። ቤቱን እንዲህ ማበላሸታችንን እንግዳዋ እንዳታይብን ብዬ ነው።»

«ጆሮህን ነበር የያዝኩህ» አሉ ጋሼ ለማ።

«አሁንም ያመኛል።»

አንድ ሰው ሣቀ። እትዬ ዘነበች መሰሉኝ። ተስፋዬ የመኪና ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ግድግዳው ሥር ተንበረከከ። ስቱኮው ገና አልደረቀም። በቁልፉ ጫፍ ቀስ እያለ ይፍቀው ጀመር። ባለሙያዋ ልታስቆመው እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ ባትሪዋን ከላይ ያዘችለት። መጀመሪያ «ክላራ» የሚል የእንግሊዝኛ ስም ወጣ፣ ከገበሬዎቹ ልጆች የአንዷ። ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ከነሱ ቀጥሎ፣ በዚያው ሳንቃ ላይ፣ የኛ ፊደል።

ባለሙያዋ አብራው ተንበረከከች። «የትኞቹን ነው የናንተ ልጆች የጻፏቸው?» አለች። ጋሼ ለማ መለሱላት። የእያንዳንዱን ስም፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ዛሬ የት እንደሚሠራ። እኔ አስተረጎምኩ። መጻፍ አላቆመችም።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ትክክል ሠራሁ ለማለት አይደለም። የባለሙያዋን ጥያቄ ስመልስ ምስማሮቹን እንዳየች አላውቅም ነበር። ቤቲቱን ያፈረስኳት መስሎኝ ነው የመለስኩት። ሌላ ባለሙያ ብትሆን ኖሮ ምናልባት ጋሼ ለማ እስከ ዛሬ ፊታቸውን ባላሳዩኝ ነበር፤ እኔም ያንኑ መልስ መልሼ፣ ያንኑ እውነት ይዤ እኖር ነበር። በዚያ ቀን የተማርኩት ከዚህ አያልፍም፤ እውነት መናገር ዋጋ የሚኖረው ምን እንደሚያስከፍልህ ሳታውቅ ስትናገር ነው፣ ወንበር ማንሳትም እንደዚያው።

ሰኞ ዕለት ለአዘጋጄ ሁሉን ነገርኩ። ከዚያ ዘገባ ወጣሁ፤ ሌላ ባልደረባ ያዘው። ተገቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ቤት አንድም ዜና አልጻፍኩም፤ ይህም ዜና አይደለም። በሌላ ነገር ግን ተለውጫለሁ። ዛሬ ሰው ቤት ስገባ ጋቢ የለበሰውን ሶፋ ሳይ ቅዱን እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ይሥቁና ገልጠው ያሳዩኛል፤ ልጅ የዘለለበት ነው፣ አባት የሞተበት ነው። እናንተም እንግዳ ሲመጣ ቸኩላችሁ የምትሸፍኑት ነገር ካለ፣ ከመሸፈናችሁ በፊት አንዴ ደኅና አድርጋችሁ እዩት።

ከወራት በኋላ የከተማው ኮሚሽን ቤቲቱ እንድትቆይ ወሰነ። የገዛው ድርጅት ሕንፃውን ከፊት ለፊት ይሠራል። ተስፋዬ ረጅም ጊዜ አላናገረኝም ነበር፤ ባለፈው ፋሲካ ግን መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ በመስኮቱ አንኳኩቶ «ደረቋ» አለኝ። በሩን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚከፍተው እሱ ነው።

ከመስኮቱ በስተግራ ባለው ሳንቃ ላይ፣ ከክላራ ስም ቀጥሎ፣ በሰንጢ የተቀረጹ «ተ» እና «ስ» አሉ። ሦስተኛው ፊደል ተጀምሮ ቀርቷል።